ቤት ሳይመታ የተቆረጠው ዘፈን

የያዙኝ ጠዋት ነው፤ ሱቄን ከፍቼ በረንዳው ላይ ውኃ እየረጨሁ ሳለ። ፍኖተ ሰላም መነኸሪያ ፊት ለፊት፣ ለሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈን የምጭንባት፣ አልፎ አልፎም የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርባት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ሁለት ሲቪል የለበሱና አንድ ዩኒፎርም ያደረገ ሆነው መጡ። ዘፈኑ እየተጫወተ ነበር።

«አጥፊው» አለኝ አንደኛው።

አጠፋሁት።

«አይ፣ አታጥፊው» አለ ሁለተኛው። «እየተጫወተ ነው መያዝ ያለበት። ማስረጃ ነው።»

መልሼ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩን ከነሽቦው ነቅለው ሲያነሱት ዘፈኑ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ወዲያው አንድ ባጃጅ ያንኑ ዘፈን አስጩኾ በፊታችን አለፈ። ሦስቱም ዞረው አዩት። ባጃጁን ማንም አላስቆመውም። እኔን ያዙኝ።

ያስገቡኝ ቦታ እስር ቤት ተብሎ የተሠራ አልነበረም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ የተያዘው ሰው ከክፍሉ በልጦ ስለነበር፣ ሴቶቹን ያጎሩን በከተማው ዳር በሚገኝ ባዶ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት ዓይኔ ጨለማውን ከመልመዱ በፊት ሽታው ተቀበለኝ። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ከሲሚንቶው ጋር አብሮ የተቦካ ይመስል ነበር። ዓይን ይለበልባል። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ቀርተው ነበር፤ ላብ ያለው ገላ ሲያርፍባቸው ያቃጥላሉ። የምንተኛው በዚያው በባዶው ጆንያ ላይ ነው። ጠዋት ስንነሳ የጆንያው ፈትል ጉንጫችን ላይ ታትሞ፣ ዙሪያው ቀልቶ ይገኛል። የመጀመሪያውን ጠዋት እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። ከዚያ በኋላ አላሳቀንም።

ስለ ዘፈኑ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባም።

ከመታሰሬ በፊት በነበረው ዓመት ተቀጥሬ የምሠራው በአንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። በነሐሴ ወር፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ፣ «ሞዴል አርሶ አደር» ተብሎ የተመረጠውን የቀበሌውን ሊቀመንበር እንድቀርጽ ተላክሁ። ሥራውን ያዘዘው ወረዳው ነው። ስደርስ የሊቀመንበሩ ጤፍ በደቦ እየታረመ ነበር። ሰዉ ተደርድሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ያርማል። ሊቀመንበሩ ጃንጥላ ይዞ ዳር ላይ ቆሟል። ከሰልፉ ፊት ያሉ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ዘፈን ያወጣሉ፣ ሌላው ይቀበላል። ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ሴትዮዋ ቀና አሉና ወገባቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦

ይብቃህ በሉት ባለ ደቦውን፣
ጥላው ዞሯል ያውጣ ጠላውን።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ካሜራው እሱ ላይ ስለነበር ሳቀ። እኔ እስክሄድ ድረስ ግን ጠላው አልወጣም።

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ድምፃቸውን አሰማኋቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ሳቁ። «ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ? የወጠጤ ድምፅ አይደለም እንዴ ይኸ!» አሉ። ከከበሮና ከኦርጋን ጋር ቀላቅዬ ልሥራው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ውሰጅው። ኸጉሮሮዬ ምን ይጎድልብኛል» አሉኝ።

ቪዲዮው በአንድ ስብሰባ ላይ ታይቶ ተረሳ። ድምፁ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ከሥሩ ምት አስገባሁለት፤ ከበሮውን ከአንድ የሠርግ ቅጂ ቆርጬ፣ ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ በኦርጋን ሞልቼ። ብዙ ዓይነት አድርጌ ሞከርኩ። በመጨረሻ «ይብቃህ በሉት» የምትለዋን ብቻ ነጥዬ ደጋገምኳት። ይብቃህ በሉት፣ ይብቃህ በሉት፣ ይብቃህ በሉት። ምን እንደሠራሁ አውቄያለሁ። አላውቅም ብዬ ለመርማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ለእነሱ እውነት የመናገር ዕዳ የለብኝም። አውቄያለሁ።

ከስልክ ስልክ ተላለፈ። ወደ ቡሬና ወደ መራዊ የሚሄዱት ሚኒባሶች ይዘውት ሄዱ። ሠርግ ላይ ተጨፈረበት። ከዚያ ወጣቱ መንገድ ላይ የወጣ ዕለት፣ ያለ ሙዚቃ፣ በአፉ ብቻ ሲለው ሰማሁት። የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ እስኪያልፉ አዳመጥኩ። ፍርሃት ብቻ አልነበረም።

የሚመረምሩን የመጋዘኑ ሚዛን ቤት ውስጥ ነበር። ትልቁ ሚዛን ከነድንጋዩ እዚያው ቆሟል። መርማሪው ቀጠን ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ግን አውቀዋለሁ። የባህል ጉዳይ ባለሙያ ነኝ የሚል፣ ቪዲዮ ቤቱ ሳለሁ ሥራ የሚያመጣልን ሰው ነበር።

«እሱ ማን ነው?» አለኝ መርማሪው።

«የቱ እሱ?»

«ይብቃህ በሉት የተባለው።»

«ባለ ደቦው ነዋ።»

«ባለ ደቦ የሚል አልሰማሁም።»

«ዋናው ዘፈን ላይ አለ።»

«እኔ የያዝኩት ዋናውን አይደለም። ያንቺን ነው።» ወረቀቱን ገለበጠ። «በሉት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ንገሩት ማለት ነው።»

«ምቱት ማለትስ አይደለም?»

«እሱም ማለት ነው።»

ከኋላዬ የቆመው ፖሊስ ማጅራቴን በጥፊ አጮለኝ። መርማሪው ድምፁን ሳይለውጥ፣ «በሉት ሲባል ምን እንደሚከተል አሁን ገባሽ?» አለኝ።

የባህል ባለሙያው የዓይን መነጽሩን አወለቀና ጠራረገው። ከዚያ ነው የተናገረው። «ፖለቲካውን እንኳ ብንተወው» አለ፣ «አንቺ ባህላችንን በርዘሻል። የአርሶ አደሩን ንጹሕ ዘፈን ወስደሽ፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ግምገማ፣ ከጭፈራ ቤት ምት ጋር ደባልቀሻል። ይኸ እኮ ቅርስ ነው።»

ይኸን ሲል ያ ማጅራቴን የመታኝ እጅ ካደረገኝ የበለጠ ደሜ ፈላ። ይኸው ሰውዬ፣ የገዥው ግንባር በዓል ሊከበር ሲል፣ ከአንድ ቀብር ላይ የተቀዳ የሙሾ ዜማ ይዞ ቪዲዮ ቤታችን መጥቶ ነበር። ዜማው ሰው ይይዛል ብሎ፣ ቃሉን አስወጥቶ የልማት ግጥም አስገባበት። በዓሉ ዕለት በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ፣ ሜዳው ላይ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ግራ ገባቸው። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አናታቸው ላይ ስበው፣ ሰው ሞቶ እንደሆነ ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። የሰው ልቅሶ ወስዶ ለሪፖርት ማድመቂያ ማድረግ ባህል ማሳደግ ነው። ማኅተም የሌለው ሲቀላቅል ደግሞ ባህል መበረዝ ነው። ይኸን ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከኋላዬ ያለው እጅ ትዝ አለኝና ዋጥሁት። እስከ ዛሬ ያን መዋጤ ያንቀኛል።

ከጥቂት ቀን በኋላ የመጋዘኑ በር ተከፍቶ አንዲት ሴት አስገቡ። የላስቲክ ጫማቸው ጭቃ ይዟል፤ ከማሳ ቀጥታ እንዳመጧቸው ያስታውቃል። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለሁላችንም ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋላችሁ» አሉ፣ ሰው ቤት የገቡ ይመስል። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ያቺ ባለ ካሜራ አንቺ ነሽ?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ድምፃቸውን ተከትለው፣ ቀበሌውን አጠያይቀው፣ ዘፈኑን ያወጡትን ሴትዮ አምጥተዋቸዋል። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው።

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። መጋዘኑ ውስጥ የነበረችው የጠጅ ቤት ባለቤት፣ ዘፈኑ ቤቷ ውስጥ ተከፍቶ ተገኝቶ የታሰረች፣ በነጋ በጠባ ትረግመኝ ስለነበር ለምጄዋለሁ። እትዬ ግን አልረገሙኝም። ጆንያ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ጉልበታቸውን አሹ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ቡሬ ገበያ ላይ ሰማሁት ዘፈንሽን። ቤት መምቻውን የት ጣልሽው?»

«የቱን እትዬ?»

«ጠላውን ነዋ! ባለ ደቦውን ይብቃህ ብሎ፣ ጥላው ዞሯል ብሎ፣ ያውጣ ጠላውን ብሎ ነው የሚያርፍ። አንቺ ኸመነሻው ላይ ቆርጠሽ እሱኑ እሱኑ ታሰኚኛለሽ። ግጥም ቤት ሳይመታ ይቆረጣል? ጠላው ሳይወጣ ደቦውን በተንሽው እኮ!»

ሴቶቹ ሳቁ። የጠጅ ቤቷ ባለቤት ሳትቀር ሳቀች። እኔ ግን መሟገት ጀመርኩ። ወጣቱ ሲጨፍር የሚደጋገም ነገር እንደሚፈልግ፣ ምቱ ሁለተኛውን ስንኝ እንደማያስኬደው አስረዳሁ። እሳቸውም አልለቀቁኝም። ምቱ ካላስኬደው ምቱን አስተካክይው እንጂ ግጥሙን ለምን ትሰብሪዋለሽ አሉኝ። በዚያ በሚያቃጥል ወለል ላይ ተቀምጠን ስለ አንድ ስንኝ ስንከራከር ዋልን። እዚያ ከገባሁ ወዲህ ሰው ሆኜ የዋልኩበት ቀን እሱ ነው።

በማግሥቱ እትዬን ብቻቸውን ጠሯቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ከስሏል። የፈለጓቸው ለአንድ ነገር ነበር። የፖለቲካ እስረኛ በዝቷል ተብሎ ከላይ ወቀሳ መጥቷል መሰለኝ፣ የኔን ጉዳይ የስርቆት ጉዳይ ሊያደርጉት አስበዋል። እትዬ «ድምፄን ያለ ፈቃዴ ወስዳ፣ ትርጉሙን አጣማ ሸጣብኛለች» ብለው አውራ ጣታቸውን ካሳረፉ ያን ዕለት ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ በሌብነት እከሰሳለሁ።

«በርበሬዬ ቀልቷል» አሉኝ። «ሰሞኑን ካልተለቀመ ያልቅለታል።»

ባላቸው ሞተዋል። ቡሬ ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። የዓመት ልብሳቸውም፣ የጨው መግዣቸውም፣ ሁሉም ነገራቸው ያ በርበሬ ነው።

«ይፈርሙ እትዬ» አልኳቸው። «የምሬን ነው። እኔን እንደሆነ አይለቁኝም። ሌባ መባሉ አይገድለኝም። ሄደው በርበሬዎን ይልቀሙ።»

በጣታቸው ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አንዷን ነጭ ፍሬ አውጥተው አገላበጧት።

«አውቀሽ ነው የቆረጥሽው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቄ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ሳወጣው አውቄ ነው» አሉ። «ደቦ መሰለሽ እንዴ ያ? ሊቀመንበሩ ሰው ልኮ፣ ጤፌን ያላረመ ኸንግዲህ ማዳበሪያ አላገኘ ብሎ ያስወጣን ነው። የኔ እርሻ በአረም ተውጦ የሱን አርማለሁ። በደቦ አምላክ! ደቦ ጠላ አለው፣ ብድር መመለስ አለው። እሱ ግን ባንድ ጃንጥላ ይቆማል። እኔ ጠላውን ያውጣ ስል ጠላ አምሮኝ መሰለሽ? አንተ ደቦ ጠሪ አይደለህም ማለቴ ነው። ሰዉ ገብቶት ሳቀ። እሱም ገብቶታል፤ አንቺ በካሜራሽ ፊት ለፊቱ ስለቆምሽ ነው ጥርሱን ያሳየ።»

እኔ በዚያ ቀን እዚያው ቆሜ፣ ስቄ፣ ቀርጬ፣ ያየሁት ነገር የደስ ደስ ያለው ደቦ ነበር። ሞዴል አርሶ አደርና ደስተኛ ሕዝብ። ያንን ቪዲዮ በሠራሁበት እጄ ተናደድኩ። እትዬ ወርቁን ቀድመው ቀብረውት ኖሯል፤ እኔ ያገኘሁት መስሎኝ ስኩራራ።

ቀጥሎ ሁለታችንንም አንድ ላይ ወሰዱን። መርማሪው፣ የባህል ባለሙያው፣ በሩ ላይ ፖሊሱ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና የጣት ቀለም ቀርቧል። እትዬ ወንበር ስለሌለ ሚዛኑ ላይ ተቀመጡ። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

«እናቴ» አላቸው መርማሪው በለሰለሰ አንደበት፣ «ዛሬ ቤትዎ ይገባሉ። ይኸን ጣትዎን ብቻ ያሳርፉልን።»

«ኸመነካካቴ በፊት ይነበብልኝ።»

የባህል ባለሙያው አነበበ። ተከሳሽ የግል ተበዳይን ባህላዊ ዜማ ያለ ፈቃድ ወስዳ፣ ይዘቱን በመበረዝ፣ ለሁከት እንዲውል አድርጋ፣ እያለ ዘለቀ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«መበረዙንስ በርዛብኛለች» አሉ ሲጨርስ። መርማሪው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። «ቤት መምቻውን ጥላብኛለች። ተሟግተንበታል፤ ገና እንሟገታለን። ግና ያ የኔና የሷ ሙግት ነው። እሷን እናንተ ፊት አላቆማትም። ድምፄን ሰጥቻታለሁ። አልተሰረቅኩም።»

«ፈቃድ ሰጥቻለሁ ካሉ እርስዎም ተጠያቂ ነዎት» አለ የባህል ባለሙያው።

«እሆናለሁ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያቸው። ለስላሳው አንደበት ጠፋ። «ድምፁ ያንቺ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? እስቲ ተነሺና ዝፈኝው፤ ከቅጂው ጋር እናመሳክረዋለን» አላቸው።

እትዬ ተነሡ። መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና አጠበቁት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ልክ ያኔ ማሳው ላይ እንዳየኋቸው። ሊዘፍኑ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እዚያ ቤት፣ በእነዚያ ሰዎች ትእዛዝ ያንን ድምፅ መስማት አልፈለግኩም።

«ተቀባይ እፈልጋለሁ» አሉ።

«ምን?»

«እኔ አውጪ ነኝ። አውጪ ያለ ተቀባይ አይዘፍንም። እኔ ሳወጣ ይብቃህ በሉት ብሎ የሚመልስ ሰው ያስፈልገኛል።» መጀመሪያ መርማሪውን፣ ከዚያ የባህል ባለሙያውን፣ ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ተራ በተራ አዩአቸው። «ማናችሁ ናችሁ የምትቀበሉኝ?»

የባህል ባለሙያው መነጽሩን አወለቀ፤ አልጠረገውም፤ መልሶ አደረገው። መርማሪው ከንፈሩን ከፈተና ዘጋው። ያቺን ቃል ከአፋቸው ማውጣት አይችሉም፤ እሷን ብሎ የታሰረ ሰው ሞልቷል። እትዬ እጃቸውን ለጭብጨባ አዘጋጅተው፣ እየጠበቁ፣ ቆሙ።

«አውጣቸው!» አለ መርማሪው ጠረጴዛውን በጡጫ መትቶ። የጣት ቀለሙ ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ።

ፖሊሱ ገፍትሮ አስወጣን። እትዬ ደጃፉ ላይ አንገዳገዳቸውና ክንዴን ያዙ። ሚዛን ቤቱ ከኋላችን እስኪርቅ አለቀቁኝም። እንደፈሩ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዋጋው ብዙ አልዘገየም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬን ማንም ጠርቶ አልጠየቃቸውም። አልከሰሷቸውም፣ አልለቀቋቸውም። ዝም ብለው ተዉአቸው።

ኅዳር ውስጥ፣ በጠራራ ቀን፣ ደመና መጣና ዝናብ ጣለ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጮኸ፣ እርስ በርስ መሰማማት አቃተን። እትዬ ብድግ ብለው ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። ጣሪያው አያፈስም ነበር፤ እሳቸው ግን ሜዳ ላይ ዝናብ እንደያዘው ሰው ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ሳቡ፤ ዝናቡ እስኪያባራም እንደዚያው ሆነው ቆሙ።

በማግሥቱ ልጃቸው ስንቅ ይዛ መጣች፤ በአጥሩ በኩል ለትንሽ ጊዜ እንዲነጋገሩ ፈቀዱላቸው። የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ጎረቤት ተሰብስቦ በርበሬውን በደቦ ሊለቅምላቸው ሊቀመንበሩን ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ሊቀመንበሩ፣ አዋጁ መሰብሰብን ይከለክላል አለ። ሁለትና ሦስት ሆነው ማሳው ውስጥ የገቡትንም አስወጣቸው። ልጅቱ ብቻዋን የለቀመችውን ግቢ ላይ አስጥታው ሳለ ነው ዝናቡ የመታው። «ነጫጭ ሆነ እማዬ» አለቻቸው። ማሳው ላይ የቀረው ደግሞ በግንዱ ላይ ሻገተ።

የራሱን ጤፍ በግዳጅ ሲያሳርም ሰው መሰብሰቡ ልማት ነበር። የአንዲት መበለት በርበሬ ሲለቀም መሰብሰብ ወንጀል ሆነ። ሕግ ሲባል ስሰማ ዛሬም ድረስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ማሳ ነው።

እትዬ ከኔ ቀድመው ተፈቱ። ምክንያቱ ሲታሰሩም አልተነገራቸው፣ ሲፈቱም አልተነገራቸው። ጠባቂው በሩን ከፍቶ «አንቺ፣ ውጪ፣ ቶሎ በይ!» አላቸው።

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ሰው ልሰናበት» አሉት።

ጆንያቸውን አነሡ፤ ጥግ ላይ አራግፈው በወጉ አጠፉና በደንብ የሚነጠፍ ላልነበራት ለጠጅ ቤቷ ባለቤት ሰጡ። ከዚያ ከበሩ ጎን ካለችው ጀምረው እያንዳንዳችንን ሳሙን፤ የልጆቻችንን፣ የናቶቻችንን ደኅንነት ጠየቁ፤ ምርቃት የምትፈልገውን መረቁ። ጠባቂው በሩን እንደያዘ ቆመ። አንድ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ። እትዬ አልፈጠኑም። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ «ሙግታችን አላለቀም» አሉኝ። «ስትወጪ ነይና እንጨርሰዋለን።»

እኔን የለቀቁኝ ሁለተኛ ላልቀላቅል አስፈርመው ነው። ኮምፒውተሬን ሲመልሱልኝ ሆዱ ተጎርጉሮ ባዶ ቀፎ ነበር። ቡሬ ሄድኩ። እትዬ ቤት ተቀምጠን ሙግቱን ጨረስነው፤ ከፊሉን እሳቸው ረቱኝ፣ ከፊሉን እኔ ረታሁ። ስለ በርበሬው አልተነሣም። ግድግዳው ጥግ ድሮ የበርበሬ ጆንያ የሚደረደርበት ርብራብ ባዶውን ነበር።

ከዚያ ያ ዘመን አለፈ፤ ገዥው ግንባርም ፈረሰ፤ ሰዉ በደስታ መንገድ ላይ ወጣ። የበደሉንን ይቅር እንበል ተባለ። እኔ ይቅርታ የሚጠይቀኝ ሰው ስላልመጣ ለማን ይቅር እንደምል አላወቅሁም። ተቀላቅሎ የተሠራ ዘፈን ዛሬ በየሱቁ ይሸጣል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ አንዳንዱ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ጆሮ ይበሳል። ቁጣዬ ግን አልበረደም። ሰዎች ይኸን ስናገር ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የድሮ ነገር ነው ይሉኛል። ለኔ የድሮ ነገር አይደለም። በኅዳር ደመና ባየሁ ቁጥር አዲስ ነው።

ባለፈው ዓመት ስልኬ ጠራ። የባህል ባለሙያው ነበር። ዛሬም በባህል ሥራ ላይ ነው፤ ማዕረጉ ብቻ ከፍ ብሏል። ስሜን በቁልምጫ ጠራኝ። የትግሉን ዘመን የሚያስታውስ ትልቅ ዝግጅት እንዳለ፣ «ይብቃህ በሉት» መክፈቻ ላይ እንዲቀርብ እንደተወሰነ፣ ንጹሑን ቅጂ እንድልክለት ነገረኝ። ታሪክ ነው አለኝ።

«የድምፁ ባለቤት አሉ» አልኩት። «ሄደህ ፈቃድ ጠይቃቸው።»

«ቁጥራቸውን ላኪልኝ።»

«ስልክ የላቸውም። ቡሬ ወርደህ፣ ጥርጊያ መንገዱን ይዘህ በእግርህ ትሄዳለህ። ቤታቸውን ማንም ያሳይሃል።»

ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ እንደ ዘመድ፣ «ነገሩን ቂም አታድርጊው እንጂ» አለኝ። «ያኔ እኮ ሁላችንም ታዘን ነው የሠራነው።»

«እሳቸውም ፈርሚ ተብለው ታዝዘው ነበር» አልኩት።

መልሱን አልጠበቅኩም። ስልኩን ዘጋሁት፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።